ኪዮቶ ለአንድ ዓመት፦ የመቅደስ ሥርዓት፣ የጾም ምግብ እና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣጣ

ጽጌ_27፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በኤፕሪል መጀመሪያ ለአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ጃፓን፣ ኪዮቶ ከተማ እገባለሁ። ቪዛው አልቋል፤ የሚያስፈልገኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ያነበብኩት ሁሉ «አክብሮት አሳዩ» ከማለት አያልፍም፣ አክብሮቱ በምን እንደሚታይ ግን የሚነግር የለም።

መቅደስ ሲገባ ከበሩ ጀምሮ ምን ይደረጋል? የሚጨበጨበው የት ነው? ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ የምሄደው ለማየት እንጂ ለአምልኮ አይደለም፤ ይህ ያስቀይማል ወይ? በጾም ወቅትስ ምን ይበላል? ኮያሳን ተራራ ላይ መነኮሳት ዘንድ ማደር ይቻላል የሚባለውስ እንዴት ነው? በመጨረሻም፣ ቤት በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የግድ ማለቅ ያለበት ጉዳይ የቱ ነው? ቆሻሻ አጣጣል ላይ ሁሉም ስለሚያስፈራራ እሱንም ጨምሩልኝ።

የካሞ_ዳር፦

እኔ የመቅደሱን ልመልስ፣ ሌላውን ሌሎች ይጨምሩበታል። ሰዓት የምጽፈው በጃፓን አቆጣጠር ነው፤ 17፡00 ማለት በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ከአሁኑ ልመጂው፣ የኪዮቶ መቅደሶች በጊዜ ይዘጋሉና። ኪንካኩጂ ከ9፡00 እስከ 17፡00 ነው። ሪዮአንጂ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ 16፡30 ላይ ይዘጋል። ብዙዎቹ መዝጊያቸው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሰው ማስገባት ያቆማሉ። ከምሳ በኋላ ወጥቶ ሦስት መቅደስ ለማዳረስ መሞከር ስለዚህ አያዋጣም። ኪዮሚዙደራ 6፡00 ላይ ይከፈታል፤ በማለዳ የምታዪውና 11፡00 ላይ የምታዪው ኪዮሚዙደራ አንድ ቦታ አይመስሉም። ፉሺሚ ኢናሪ ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም፤ እስከ ጫፉ 233 ሜትር ወጥቶ ለመመለስ ግን ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያዢ።

የገባሽበት ቦታ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን የጥንት እምነት፣ ይሁን የቡድሃ አስቀድሞ መለየት አለበት። ሁለት ምሰሶና ከላይ አግዳሚ ያለው ቶሪ የሚባለው በር ካለ የሺንቶ መቅደስ፣ ጂንጃ ነው። ጣሪያ ያለው ትልቅ በር፣ የዕጣን ማጨሻ፣ መካነ መቃብር ካለ የቡድሃ ነው፣ ቴራ ይባላል። ስሙ «ጂ» ወይም «ደራ» ብሎ የሚያልቅ ቴራ፣ «ጂንጃ»፣ «ታይሻ» ወይም «ጂንጉ» የሚል ጂንጃ ነው። ጎን ለጎን የቆሙበትም አለ፤ ቶኪዮ ሰንሶጂ አጠገብ አሳኩሳ ጂንጃ አለ፣ እዚያ የአንዱን ሥርዓት በሌላው ላይ የሚፈጽም ጎብኚ አይጠፋም።

መግቢያው ላይ የውሃ ገንዳ አለ። ጭልፋውን በቀኝ እጅ ይዘሽ አንዴ ሙሉ ትቀጃለሽ፤ ያ አንድ ጭልፋ እስከ መጨረሻው መብቃት አለበት። ግራ እጅ ይታጠባል፣ ጭልፋው ወደ ግራ ይዛወርና ቀኝ ይታጠባል፣ እንደገና በቀኝ ተይዞ ግራ መዳፍ ላይ ጥቂት ይፈስና አፍ ይጉመጠመጣል። ጭልፋውን አፍሽ ላይ አታድርጊ፤ የተጉመጠመጥሽውም ከገንዳው ውጪ ባለው መፍሰሻ ላይ ይተፋል እንጂ ወደ ገንዳው አይመለስም። ከዚያ ግራ እጅ ይደገምና ጭልፋው ቀጥ ብሎ ሲቆም የቀረው ውሃ እጀታውን እያጠበ ይወርዳል። ሰው የሚሳሳተው ግራ እጁ ላይ ውሃውን ሁሉ ጨርሶ ነው። ከኮሮና ወዲህ ጭልፋው የተነሳበት፣ ውሃው ከቀርከሃ ቱቦ የሚወርድበት ብዙ ቦታ አለ፤ እዚያ እጅ መታጠብ ይበቃል።

ጭብጨባ የጂንጃ ነው፦ ሳንቲም ሳጥኑ ውስጥ፣ ደወል ካለ ገመዱን መነቅነቅ፣ ሁለት ጊዜ በጥልቀት ጎንበስ፣ ሁለት ጊዜ ጭብጨባ፣ በልብ ጸሎት፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ። ቴራ ላይ እጅ ገጥሞ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው፤ እዚያ ማጨብጨብ የውጭ ሰው መለያ ሆኗል።

ስለ እምነትሽ፦ ማንም አይጠይቅሽም፣ ምንም አድርጊ የሚልሽም የለም። ኮፍያ ማውለቅ፣ ድምፅ መቀነስ፣ የሚጸልየውን ሰው ከፊት አለመጋረድ ይበቃል። የሚያስቀይመው ሳጥኑ ፊት ቆሞ ፎቶ እየተነሱ ሰልፉን ማገድ ነው። ጂንጃ ላይ የመንገዱ መሃል የአምላክ መተላለፊያ ስለሚባል ዳር ዳሩን መሄድ ደግ ነው።

አሁን ጫማ። ማውለቁ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው አዲስ አይደለም፤ የሚያደናግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ጫማ የሚወልቅበት ዝቅ ያለ ወለል እንደ ውጭ ይቆጠራል። በካልሲ እሱን ረግጠሽ ወደ ላይ ከወጣሽ የውጩን ቆሻሻ ይዘሽ ገባሽ ማለት ነው፤ አንዱን እግር ከጫማው አውጥቶ በቀጥታ ከፍ ባለው እንጨት ላይ ማሳረፍ ነው የሚገባው። የፕላስቲክ ከረጢት ከተሰጠሽ መውጫው በሌላ በኩል ነውና ጫማሽን ይዘሽ ትዞሪያለሽ። ለእንግዳ የሚቀርበው ነጠላ ጫማ የእንጨቱ ኮሪደር ላይ ብቻ ነው፤ ታታሚ፣ ማለትም የሣር ምንጣፉ ጋ ሲደረስ ይወልቃል። መጸዳጃ ቤቱ የራሱ ነጠላ ጫማ አለው፣ እሱን ተጫምቶ ኮሪደር ላይ መገኘት እዚህ አገር ከሚያሳፍሩ ነገሮች አንዱ ነው። የበሩን ደፍ አትርገጪ፣ ተራመጂው። በቀን አራት አምስት ጊዜ ስለሚወልቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያዋጣል፤ ካልሲሽም ቀዳዳ አይኑርበት። በክረምት ወለሉ በረዶ ነው።

ፎቶ ውጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፣ የቡድሃው ምስል ባለበት አዳራሽ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም። የካሜራ መቆሚያ በብዙ ቦታ ክልክል ነው። ጊዮን በሚባለው የኪዮቶ ሰፈር ባሉ የግል መተላለፊያዎች ደግሞ ፎቶ ማንሳት 10,000 የን የሚያስቀጣ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ አለ።

ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ሳንቲም፣ ይኑርሽ። ኪንካኩጂ 500 የን ነው፤ አንድ ቀን አራት መቅደስ ካልሽ ክፍያው ይሰማል። ተማሪ ከሆንሽ በነጻዎቹ ጀምሪ፦ ኪዮቶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ሂጋሺ ሆንጋንጂ እስከ አዳራሹ ድረስ ነጻ ነው፣ የናንዘንጂም ግቢ እንዲሁ።

ዋርካ፦

የካሞ_ዳር ጥሩ ጽፏል፤ ሁለት ነገር ልጨምር። ሁለት ጭብጨባ የሁሉም ጂንጃ ሥርዓት አይደለም። ሺማኔ ያለው ኢዙሞ ታይሻ አራት ነው የሚጨበጨበው። ሳጥኑ አጠገብ ብዙ ጊዜ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ስላለ እሱን ማየት ነው።

ዕጣን የምታጨሺ ከሆነ ከሌላ ሰው ሻማ ላይ አትለኩሺ፤ የእሱን የኃጢአት ዕዳ መውሰድ ነው ይላሉ። ነበልባሉም በእጅ ተራግቦ ነው የሚጠፋው፣ እፍ አይባልም። ኦሚኩጂ የምትባለው የዕጣ ወረቀት መጥፎ ከወጣች የምትታሰረው በተዘጋጀው ሽቦ ወይም ገመድ ላይ እንጂ ዛፍ ላይ አይደለም።

ሽምብራ_አሹቅ፦

የጾሙን ልመልስ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ስለሆነ።

ችግሩ ሥጋው አይደለም፣ ሥጋ ይታያል። ችግሩ ዳሺ ነው፤ የጃፓን ወጥ ሁሉ መሠረት የሆነው ቀጭን መረቅ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ካትሱዎቡሺ ከሚባል ደርቆና ታጥኖ ከተፋቀ ዓሣ ነው። የሚሶ ሾርባ፣ ሶባና ኡዶን የሚባሉት ፓስታ መሰል ምግቦች መረቅ፣ የተቀቀለ አትክልት፣ የእንቁላል ጥቅል፣ ሁሉም ውስጥ አለ። አስተናጋጁ «ሥጋ የለውም» ሲልሽ አልዋሸሽም፤ ዳሺን ማንም እንደ ዓሣ አይቆጥረውም። በጾም ዓሣ የማትበዪ ከሆነ እንግዲህ «ካትሱዎ ዳሺ ሃይተማስ ካ» ብለሽ በስሙ ነው የምትጠይቂው። ከኮምቡ፣ ማለትም ከባሕር አረም፣ ወይም ከደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ የሚሠራ ዳሺም አለ፤ ያ ይበላል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ የአለርጂውን ሰንጠረዥ ብቻ አይተሽ አትመኚ። ወተትና እንቁላል እዚያ መጻፍ ግዴታ ስለሆነ ለእነሱ ያገለግላል። ካትሱዎ ግን አለርጂ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ ንጹሕ ሆኖ ምግቡ ውስጥ ዓሣ ሊኖር ይችላል። የጥሬ ዕቃውን ዝርዝር አንብቢ። ናቶ፣ ማለትም የተብላላ አኩሪ አተር፣ ገዝተሽ ከውስጡ የሚወጣው ትንሽ ሶስ ዓሣ አለበት፤ ሶሱን ትተሽ በተራ አኩሪ አተር ሶስ ብዪው። የኮምቡ ኦኒጊሪ፣ ማለትም የሩዝ ድቡልቡል፣ ጾም ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን በዓሣ ቅመም የተሠራ ነው። ዳቦው ወተትና ቅቤ አያጣም። ቶፉ፣ ባዶ ሩዝ፣ ስኳር ድንችና በቀይ ባቄላ የሚሠሩት የጃፓን ጣፋጮች ባብዛኛው ችግር የለባቸውም። ቤት ውስጥ ካበሰልሽ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀላል።

አሁን ወደ መልካሙ። የመነኮሳቱ ምግብ፣ ሾጂን ሪዮሪ፣ ከእኛ ጾም ጋር የሚስማማ ብቻ ሳይሆን የሚበልጠውም ነገር አለ፦ ሥጋና ዓሣ የለውም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ኪዮቶ አራሺያማ ውስጥ ተንሪዩጂ ግቢ ያለው ሺገትሱ የሚባል ምግብ ቤት ይህንን ያቀርባል።

ኮያሳንን ኩካይ የሚባለው መነኩሴ በ816 እ.ኤ.አ. ነው የመሠረተው። ከ100 በላይ ቴራዎች አሉ፤ 50 ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። ዋጋው እራትና ቁርስ ጨምሮ ለአንድ ሰው ከ10,000 የን ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ብቻውን የሚያድር ሰው የማይቀበሉም አሉና ስትይዢ አጣሪ። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ በናንካይ መስመር እስከ ጎኩራኩባሺ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ገመድ በሚስበው ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ። ከላይኛው ጣቢያ ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ ለእግረኛ ዝግ ስለሆነ በእግሬ እሄዳለሁ አትበዪ።

እዚያ የሚያጣላው ሰዓት ነው። እራት 17፡30 ወይም 18፡00 ላይ ክፍልሽ ድረስ ወይም አዳራሽ ይቀርባል፤ 19፡00 ላይ የሚደርስ እንግዳ እራት አያገኝም። ማታ 21፡00 ገደማ በሩ ይዘጋል። የጠዋት ጸሎቱ 6፡00 ወይም 6፡30 ይጀምርና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል። ተንበርክኮ መቀመጥ ካልቻልሽ እግርሽን አጣጥፈሽ ተቀመጪ፣ ነውር የለውም፤ ወደ ምስሉ እግር መዘርጋት ግን አይገባም። እግርሽ ከደነዘዘ ዘለሽ አትነሺ፣ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። መታጠቢያው የጋራ ነው፦ ከገንዳው ውጪ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ በሳሙና ታጥበሽ ጨርሰሽ ነው ወደ ሙቁ ውሃ የሚገባው፤ ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትነከርም። ተራራው ከ800 ሜትር በላይ ስለሆነ በኤፕሪልም ሌሊቱ ይበርዳል፣ ግድግዳውም ወረቀትና ቀጭን እንጨት ነው።

ኦኩኖይን የሚባለው መካነ መቃብር 2 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ከ200,000 በላይ መቃብር አለው። ከመጨረሻው ድልድይ፣ ጎቢዮባሺ፣ ካለፍሽ በኋላ ፎቶ የለም፣ ኮፍያ የለም፣ ምግብም የለም።

ጽጌ_27፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ብቻ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ከሆነ ቁርሱን ምን ላድርገው? ደግሞም ማኅተም የሚመታበት ደብተር አይቻለሁ፤ ለማስታወሻ ብይዝ ምን ይላሉ?

ሽምብራ_አሹቅ፦

ቁርሱን ስትይዢ አስቀርተሽ ተመዝገቢ፤ እራት ብቻ የሚባል ምርጫ ያላቸው አሉ። ጠዋት ላይ ከተናገርሽ ግን ሠርተው ጨርሰዋል፣ መመለስ ደግሞ እዚያ ቤት ያስከፋል። ዘጠኝ ሰዓታችን የእነሱ 15፡00 ነውና እራቱ ከሰዓትሽ ጋር አይጋጭም።

የካሞ_ዳር፦

ጎሹይን ነው የምትዪው። ደብተሩ ባብዛኛው ከ1,500 እስከ 2,500 የን ነው፣ እያንዳንዱ ማኅተም ከ300 እስከ 500። መጀመሪያ አዳራሹ ጋ ደርሶ ከዚያ ወደ መስኮቱ መሄድ ነው ሥርዓቱ፤ ከበሩ ቀጥታ ወደ ማኅተም መሮጥን አይወዱትም። ደብተሩን የሚጻፍበትን ገጽ ገልጠሽ ስጪ፣ 500 የን ሳንቲም አዘጋጂ፣ 10,000 የን አታውጪ። ሲጽፉ ፎቶ አይነሳም። መስኮቱ ብዙ ጊዜ 16፡00 ወይም 16፡30 ላይ ይዘጋል። ተራ ማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፉልኝ ካልሽ እምቢ ይሉሻል። ሂጋሺና ኒሺ ሆንጋንጂ ጎሹይን አይሰጡም፣ በሃይማኖት ወገናቸው አቋም ምክንያት ነው፤ አትከራከሪ።

ለእኔ እንደሚመስለኝ ግን ማኅተሙ የጉብኝት ቴምብር አይደለም፣ ተሳልሜአለሁ የሚል ምስክር ነው። ለአምልኮ አልሄድም ካልሽ ልብሽ ይወስን። የባቡር ጣቢያዎቹ በነጻ የሚመታ የራሳቸው ማኅተም አላቸው፣ ለማስታወሻ እሱ ይበቃል የሚሉ አሉ።

ፋይል_ቁጥር_9፦

እህቴ፣ የወረቀቱን ነገር እኔ ልያዘው።

ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ከወረድሽ የመኖሪያ ካርድሽ እዚያው ታትሞ ይሰጥሻል። ካርዱን ሁልጊዜ ይዘሽ መንቀሳቀስ ግዴታሽ ነው። እዚያው ሳለሽ ከትምህርት ውጪ የመሥራት ፈቃድ ቅጹን ሙዪ፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ይመታልሻል፣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ያስችላል። በኋላ ልጠይቅ ካልሽ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዶ ሳምንታት መጠበቅ ነው።

ቤት ከገባሽ በ14 ቀን ውስጥ የሰፈርሽ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ኩያኩሾ፣ ሄደሽ አድራሻሽን አስመዝግቢ። ፓስፖርትና ካርዱን ያዢ። አድራሻው ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፋል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሕንፃ የጤና መድኅን መስኮት ሂጂ፤ ሕክምና ስትሄጂ 30 ከመቶውን ብቻ ትከፍያለሽ። ገቢ የሌለው ሰው መዋጮው ስለሚቀነስለት ገቢ እንደሌለሽ ተናገሪ። ከ20 ዓመት በላይ ከሆንሽ ጡረታውም ግዴታ ነው፣ ግን ከክፍያ ነጻ የመሆኛ ማመልከቻ አለ። ሳያመለክቱ ዝም ማለት ነው ዕዳ የሚያመጣው።

የእኛ ሰው የሚቸገርበት ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ የቤተሰብ ስም የሚለው ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚገባ ያወዛግባል። ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፊ። በካታካና፣ የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ ደግሞ አንድ አጻጻፍ ምረጪና በወረዳውም፣ በባንኩም፣ በስልኩም፣ በትምህርት ቤቱም እሱኑ ብቻ ተጠቀሚ። አንድ አናባቢ ብትረዝም ባንኩ የተላከልሽን ገንዘብ ይመልሰዋል። የፖስታ ሣጥንሽ ላይም ስምሽን ለጥፊ፤ ያለዚያ ፖስተኛው የባንክ ካርድሽን መልሶ ሊወስደው ይችላል።

ዓመተ ምሕረቱም ሌላ ነው። ቅጾች ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይጻፋል፣ 2026 እ.ኤ.አ. ማለት ሬይዋ 8 ነው። የልደት ቀንሽን ከፓስፖርቱ ብቻ ገልብጪ እንጂ ከኢትዮጵያ ዘመን በቃልሽ አትቀይሪ።

ባንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ የስልኩ ድርጅት የባንክ ካርድ ይጠይቃል። መፍቻው የድምፅ ቁጥር ያለው አስቀድሞ የሚከፈልበት ሲም ካርድ ነው፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ፖስታ ባንክ የሚያስከፍትበትን ቀን መጠበቅ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3 ዝግ ነው። በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ መጀመሪያም በዓላት ስለሚደራረቡ ጉዳይሽን ከዚያ በፊት ጨርሺ።

ባለ_ሳይክል፦

ቆሻሻው ያን ያህል አያስፈራም፣ ከተማ ከተማው የራሱ ሕግ ስላለው ነው የሚደናገረው። የቶኪዮ ሰው የሚመክርሽን ኪዮቶ ላይ አትሥሪበት።

ኪዮቶ ላይ የሚቃጠለው ቆሻሻ በከተማው ቢጫ ከረጢት ብቻ ነው የሚወጣው፣ ከሱፐርማርኬት ይገዛል። ዋጋው በሊትር 1 የን ነው፤ 45 ሊትሩ 45 የን። ብቻውን ለሚኖር ሰው 10 ወይም 20 ሊትሩ ይበቃል። ጣሳ፣ ጠርሙስና የፕላስቲክ ውሃ ኮዳ በአንድ ላይ ውስጡን በሚያሳይ ከረጢት ይወጣል፤ ኮዳው ክዳኑና በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ወልቆ፣ በውሃ ተለቅልቆ። ክዳኑና ወረቀቱ ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል። የሚቃጠለው በሳምንት ሁለቴ፣ ሌላው አንዴ ይነሳል፤ ቀኑ በየሰፈሩ ይለያያል። የሚወጣው በዕለቱ ጠዋት ከ8፡00 በፊት ነው። ማታ ካወጣሽው ቁራ ቀዶ መንገድ ላይ ይበትነዋል፣ ጎረቤትም የሚቆጣው በዚህ ነው። መረብ ካለ ከረጢቱን ከመረቡ ሥር አስገቢ። በተሳሳተ ቀን ወይም ከረጢት የወጣ ቆሻሻ ምክንያቱ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት እዚያው ይቀራል።

ለመቅደስ ጉብኝትም ሳይክል ግዢ። የኪዮቶ ከተማ አውቶቡስ 230 የን ነው፣ በኋላ በር ተገብቶ በፊት በር ሲወረድ ይከፈላል፤ በቼሪ አበባና በኖቬምበር ቅጠል ወቅት ግን ወደ ኪዮሚዙደራ የሚሄደው ከእግር አይፈጥንም። ሳይክል ስትገዢ በስምሽ ማስመዝገብ አለብሽ፣ ለጥቂት መቶ የን እዚያው ሱቅ ይሠራል። ኪዮቶ ላይ የሳይክል መድን ግዴታ ነው። ሁለተኛ እጅ ከሰው ከገዛሽ ምዝገባው ወደ ስምሽ ካልተዛወረ ፖሊስ ሲያስቆምሽ የሌላ ሰው ንብረት ይዘሽ ትገኛለሽ። ከቴራው ደጅ አስደግፈሽ አትሂጂ፣ ማቆሚያ ፈልጊ፤ ተጭኖ ከተወሰደ ለማስመለስ ከ3,000 የን በላይ ነው፣ መጋዘኑም ሩቅ ነው።